«ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ከመጀመርዎ በፊት፦ የድጋፍ ደብዳቤ አጻጻፍ

የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍ የሚጠየቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙያው መጻፍ አይደለም። የክፍል ኃላፊ ነው፣ መምህር ነው፣ ቤት ያከራየ ሰው ነው። ጥያቄው የሚመጣው ደግሞ ሥራ በተደራረበበት ሰዓት ነው፤ «ለነገ ቢደርስልኝ» የሚል ልመና ተጨምሮበት። ያኔ ቀላሉ መንገድ ይመረጣል። ከኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ የቆየ ደብዳቤ ይወጣል፣ ስም ይቀየራል፣ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ» የሚለው ባለበት ይቆያል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ጠያቂው አመስግኖ ይሄዳል። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ግን ሁለት መስመር አንብቦ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ለምን እንደሚያልፈው ለመረዳት ራስን በእሱ ቦታ ማየት ይበቃል። ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ ወይም ለአንድ የትምህርት ዕድል ያመለከቱ ሰዎች ደብዳቤ ከፊቱ ተከምሯል። ሁሉም ታታሪ ናቸው። ሁሉም ታማኝ ናቸው። ሙገሳው ስለማይለያይ ሰዎቹን አይለይለትም። እሱ የሚፈልገው ሲቪውና ትራንስክሪፕቱ የማይነግሩትን ነው፦ ይህን ሰው ሲሠራ ወይም ሲማር በዓይኑ የተመለከተ አንድ ሰው ምን አየ? ደብዳቤው እንግዲህ የምስክር ቃል ነው። ምስክር ምን እንዳየ፣ የት ሆኖ እንዳየና ለምን ያህል ጊዜ እንዳየ ይናገራል፤ ያላየውን ሲጠየቅ «አላየሁም» ይላል። ስለ አጻጻፉ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

እሺ ወይስ ይቅር?

ከባዱ ውሳኔ ምን ልጻፍ የሚለው ሳይሆን ልጻፍ ወይስ ልተው የሚለው ነው። ብዙ ሰው እምቢ ማለት ይከብደውና እሺ ብሎ ለብ ያለ ደብዳቤ ይጽፋል። ይህ ከእምቢታ የባሰ ጉዳት አለው፤ ልምድ ያለው አንባቢ ያልተጻፈውንም ያነባልና። ስለ አንድ የሒሳብ ባለሙያ «ሰዓት አክባሪና ከባልደረቦቹ ጋር ተግባቢ ነው» ብሎ ስለ ሒሳብ ሥራው ትንፍሽ የማይል ደብዳቤ ያንን ሰው ከውድድር ሊያስወጣው ይችላል። ጸሐፊው ምናልባት አንድም ክፉ ነገር አላሰበም።

ስለዚህ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ። ሰውየውን በቅርብ አውቀዋለሁ? የማውቀው ነገር ከሚያመለክትበት ጉዳይ ጋር ይገናኛል? እውነቱን ብናገር ይጠቅመዋል? ከሦስቱ የአንዱ መልስ «የለም» ከሆነ ቶሎ ብለው ይንገሩት፤ ሌላ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ ይኖረዋል። ቃሉም መራር መሆን የለበትም፦ «በቅርብ ስላልሠራን የምጽፍልህ ደብዳቤ ደካማ ይሆንብሃል፤ ሥራህን በየቀኑ ያይ የነበረ ሰው ብትጠይቅ ይሻልሃል።» የሚገባው ይገባዋል።

መካከለኛ መንገድም አለ። የሥራ ልምድ ማስረጃና የድጋፍ ደብዳቤ የተለያዩ ሰነዶች ናቸው፤ ሰዎች ግን ዘወትር ያምታቷቸዋል። የመጀመሪያው የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተሠራበት፣ አንዳንዴም ደመወዙን ያረጋግጣል፤ አስተያየት አይጨምርም። የሁለተኛው ሥራ አስተያየት መስጠት ነው። ሊደግፉት የማይችሉት የቀድሞ ሠራተኛ ቢመጣ፣ እውነታውን ብቻ የያዘ የሥራ ልምድ ማስረጃ መስጠት ማንንም አያስዋሽም። ሠራተኛውም የሠራበትን ዘመን አይነፈግም።

እሺ ካሉ በኋላ አንድ ፈተና ይመጣል፤ «አንተው ጽፈህ አምጣና እፈርምልሃለሁ» ማለት። ልማዱ ተስፋፍቷል፣ ምክንያቱም ይገባኛል፣ ግን ጥሩ ደብዳቤ ሲወጣው አላየሁም። አመልካቹ ራሱን ከውጭ ሆኖ ማየት አይችልም፤ የሚጽፈው ሲቪው ላይ ያለውን ነው። ሦስት ደጋፊዎቹ ሁሉ እንዲሁ ካሉት ደግሞ ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ እጅ እንደተጻፉ በግልጽ ያስታውቃሉ። የፈረሙበት ቃል ሁሉ የእርስዎ መሆኑንም አይርሱ። ኮምፒውተር እንዲጽፍልዎ ቢያዙትም ያው ነው፤ ሙገሳውን አሳምሮ ይደረድራል፣ ያየው ነገር ግን የለም።

ከዚህ ይልቅ ከጠያቂው መረጃ ይቀበሉ። ሲቪውን፣ የሥራ ማስታወቂያውን ወይም የትምህርት ፕሮግራሙን መግለጫ፣ ደብዳቤው የሚላክበትን መንገድና የመጨረሻውን ቀን ያምጣ። ከሁሉ በላይ ግን «አብረን ከሠራነው ውስጥ የምታስታውሳቸውን ሁለት ሦስት ጉዳዮች ጻፍልኝ» ይበሉት። ያቺ ግማሽ ገጽ እርስዎ የረሱትን ታስታውስዎታለች፤ ደብዳቤው የሚቆመውም በእሷ ላይ ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲጠይቅዎም መንገር ተገቢ ነው።

ለሠራተኛ ሲጻፍ

መጀመሪያ እርስዎ ማን እንደሆኑና እንዴት እንደሚያውቁት ይጻፉ። አንባቢው የቀረውን የሚመዝነው በዚህች አረፍተ ነገር ነው። «ለሦስት ዓመት በቀጥታ በእኔ ሥር ሠርታለች» የሚለውና «በድርጅታችን ውስጥ ትሠራ ነበር» የሚለው እኩል ክብደት የላቸውም።

ከዚያ ማስረጃው ይከተላል። አንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ኃላፊ ስለ መጋዘን ሠራተኛው እንዲህ ይጽፋል፦ «አመልካቿ በሥራዋ እጅግ ጠንቃቃ፣ ኃላፊነት የሚሰማትና በራሷ ተነሳሽነት የምትሠራ ናት።» ስለዚያችው ሠራተኛ ሌላ ኃላፊ ደግሞ ይህን ይጽፋል፦ «መጋዘኑን ስትረከብ መዝገብ ላይ ያለውና መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ አይጣጣምም ነበር። ማንም ሳያዛት በየሳምንቱ አንድ መደርደሪያ እየቆጠረች በአራት ወር ውስጥ መዝገቡን አስተካከለች። በዓመቱ መጨረሻ በተደረገው ቆጠራ ልዩነት አልተገኘም። የእሷን የአቆጣጠር ዘዴ ዛሬም እንሠራበታለን።»

ሁለተኛው ላይ «ጠንቃቃ» የሚል ቃል የለም። አንባቢው ግን በራሱ አፍ ይለዋል፤ ራሱ የደረሰበትን ድምዳሜ ደግሞ ከተነገረው ይልቅ ያምነዋል። እንዲህ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ክስተቶች ለአንድ ገጽ ይበቃሉ። የትኞቹ ይመረጡ የሚለውን የሥራ ማስታወቂያው ይመልሳል። የምታመለክተው ለቡድን መሪነት ከሆነ ስለ ቆጠራው ብቻ አይጻፍ፤ አዲስ ሠራተኞችን እንዴት እንዳሠለጠነች ወይም ሁለት የተጣሉ ባልደረቦችን እንዴት እንደያዘች ይታከልበት።

መደምደሚያው ላይ አንባቢዎች ዓይናቸው የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፦ «ዕድሉ ቢገኝ ደግሜ እቀጥራታለሁ።» ከልብዎ ማለት ከቻሉ ይጻፉት። ካልቻሉ ደግሞ አሁንም ጊዜ አለ፤ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሱ።

ድክመትስ ይጻፍ? «እውነተኛ እንዲመስል አንድ ትንሽ ድክመት ጨምርበት» የሚል ምክር ይሰማል። አልስማማበትም፤ ለጌጥ የገባ ድክመት ለጌጥ መግባቱ ያስታውቃል። ሊጻፍ የሚገባው ድክመት ከአዲሱ ሥራ ጋር የሚገናኝ፣ በማስረጃ የተደገፈና ሠራተኛው ራሱ አስቀድሞ የሚያውቀው ነው። ተሻሽሎ ከሆነ መሻሻሉም አብሮ ይነገር። በጭምጭምታ የተሰማ፣ ተጣርቶ ያላለቀ፣ ከሥራ ውጭ ባለ ሕይወቱ የተከሰተ ነገር በደብዳቤ ላይ ቦታ የለውም። ስለ ጤንነት፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ትዳርና ስለ እርግዝናም እንዲሁ፤ በበጎም ቢሆን አይነሳ።

ጥንቃቄው ከጨዋነት ያለፈ ምክንያት አለው። በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 በሰጠው ውሳኔ፣ ስለ ቀድሞ ሠራተኛው ምስክርነት የሚሰጥ አሠሪ የሚጽፈውን በተገቢው ጥንቃቄ የማጣራት ግዴታ አለበት ብሏል። በጉዳዩ ላይ ሰውየው ሐቀኝነት እንደሚጎድለው ተጽፎበት የሚፈልገውን ሥራ አጥቶ ነበር። ጸሐፊዎቹ ሆን ብለው አልዋሹም፤ ጥፋታቸው በቅጡ ሳያጣሩ መጻፋቸው ነው።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቃራኒውን አቅጣጫ የሚያሳይ ጉዳይ ተመልክቷል። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ለአንድ የሥራ ባልደረባቸው ምንም ገደብ የሌለው ሙገሳ ጽፈውለት ነበር። በተማሪዎች ላይ ፈጽሟል በተባለ ወሲባዊ ጥፋት አቤቱታ ቀርቦበት እንደነበር ማወቃቸውና ዝም ማለታቸው ነው ለክሱ መነሻ የሆነው። ሰውየው በሌላ ትምህርት ቤት ተቀጠረ፤ አንዲት የ13 ዓመት ተማሪም ጥቃት አድርሶብኛል አለች። ፍርድ ቤቱ የደረሰበት ነጥብ ለማንኛውም ደብዳቤ ጸሐፊ ይጠቅማል፦ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ግማሹን እውነት ተናግሮ አንባቢን ማሳሳት ግን ሌላ ነው፤ በሌላ ሰው ላይ አካላዊ ጉዳት የማድረስ አደጋ ካለው ተጠያቂ ያደርጋል።

እንዲህ ባለው ስጋት የተነሳ ብዙ ድርጅቶች የሥራ መደብና የአገልግሎት ዘመን ከማረጋገጥ ሌላ ምንም አይጽፉም። ስለዚህ በድርጅቱ ስም ከመጻፍዎ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቁ። ካልተፈቀደልዎ በግል ስምዎ ሊጽፉ ይችሉ ይሆናል፤ ያኔ የድርጅቱን አርማ ያለበት ወረቀትና ማኅተሙን አይንኩ።

ጀርመን ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። እዚያ ሠራተኛ ሲሰናበት የሥራ ምስክር ወረቀት ማግኘት በሕግ መብቱ ነው፤ ከጠየቀ ወረቀቱ ስለ ሥራ ብቃቱና ስለ ጠባዩም ይናገራል። ይዘቱ እውነት መሆን አለበት፤ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የወደፊት ዕድሉን እንዳያሰናክል በበጎ መንፈስ እንዲጻፍ ይጠብቃሉ። ሁለቱን ማስታረቅ ሲያስቸግር የኮድ ቋንቋ ተፈጠረ። «ሁልጊዜ በፍጹም እርካታ» የሚል ከፍተኛው ነጥብ ነው፤ «በእርካታ» ብቻ ከሆነ ለጥቂት ያለፈ ሰው ነው፤ «ጥረት አድርጓል» ከተባለ ግን አልተሳካለትም ማለት ነው። ሕጉ ድብቅ መልእክት ማስተላለፍን ይከለክላል፤ ኮዱ ግን አልሞተም። ይህ ለሌላውም የሚነግረው ነገር አለ፦ አንባቢ የለመደውን የሙገሳ መጠን መለኪያ ያደርገዋል፤ ከዚያ ዝቅ ያለች ቃል ሁሉ ነቀፋ ትመስለዋለች።

ለተማሪ ሲጻፍ

ውጤቱን ትራንስክሪፕቱ ይናገራል፤ መድገም ቦታ ማባከን ነው። መምህሩ ብቻ የሚያውቀው ተማሪው እንዴት እንደሚያስብ ነው። የመጀመሪያ ረቂቁ ተተችቶ ሲመለስለት ምን አደረገ? ሙከራው ሲከሽፍበት ምክንያቱን ፈለገ ወይስ ቁጥሩን አስተካክሎ አመጣ? በክፍል ውስጥ የጠየቀው ጥያቄ መምህሩን ወደ ቤተ መጻሕፍት መልሶት ያውቃል? ከእነዚህ ለአንዱ መልስ ያለው መምህር ደብዳቤው ተጽፎ አለቀ ማለት ነው።

ማወዳደርም ይጠቅማል፤ መነሻው ከተነገረ። «ከምርጦቹ አንዷ ናት» ማለት ብቻውን ባዶ ነው። «ይህን ኮርስ ካስተማርኳቸው ወደ 200 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ አስቀምጣታለሁ» ማለት ግን መለኪያ ነው። ግን በየዓመቱ ሃያ ተማሪ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ የሚያስቀምጥ መምህር ቶሎ ይታወቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ለእውነተኛዋ ጎበዝ የሚሆን ቃል አይኖረውም።

አጭር ደብዳቤ ይበቃል የሚሉ ሰዎች አንድ ታሪክ ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሪቻርድ ደፊን የተባለ የካርኔጊ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር፣ ጆን ናሽን ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የደገፈው በጥቂት መስመር ነበር፦ ተማሪው የ19 ዓመት ወጣት እንደሆነና በሰኔ እንደሚመረቅ ገልጾ «የሒሳብ ሊቅ ነው» ሲል ጨረሰ። ናሽ እ.ኤ.አ. በ1994 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ አርአያነቱ ግን ያጠራጥረኛል። ያ ደብዳቤ የሠራው ጸሐፊው ራሱ የታወቀ የሒሳብ ሰው ስለነበረና አንባቢዎቹ ቃሉን ስለሚያምኑት ነው። ስማችን በማይታወቅበት ቦታ ማስረጃ ማቅረብ ግድ ይለናል።

ዝቅተኛ ውጤት ያለባት ተማሪ ስትመጣ መምህር ትልቅ ውለታ ሊውልላት ይችላል። በአንድ ሴሚስተር ውጤቷ የወደቀበትን ምክንያት ካወቁና እሷ ከፈቀደች፣ በአንድ ወይም በሁለት አረፍተ ነገር ያብራሩት። ካልፈቀደች ግን አይንኩት፤ የቤተሰብ ችግሯ ወይም ሕመሟ የእሷ ምስጢር ነው።

ተማሪው ደብዳቤውን ያንብበው? አሠራሩ ይለያያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ ተማሪዎች የትምህርት ማህደራቸውን እንዲያዩ መብት ሰጥቷል፤ ለማመልከቻ የሚጻፉ ደብዳቤዎችን በተመለከተ ግን ይህን መብት በፊርማቸው ሊተዉት ይችላሉ፤ ብዙዎችም ይተዉታል፤ ምክንያቱም አንባቢው በምስጢር የተጻፈውን ይበልጥ ያምናል። ምስጢር ይሁንም አይሁን፣ ተማሪው አንድ ቀን ሊያነበው እንደሚችል አስበው ይጻፉ።

ሴት አመልካቾችን የሚመለከት አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ፍራንሲስ ትሪክስና ካሮሊን ሴንካ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመምህርነት ለተወዳደሩ ሰዎች የተጻፉ ከ300 በላይ ደብዳቤዎችን መርምረዋል። ለሴቶች የተጻፉት በአማካይ አጠር ያሉ ነበሩ፣ ጥርጣሬ የሚያጭሩ አረፍተ ነገሮችም በዝተውባቸዋል። የወንዶቹ ደብዳቤ ወደ ምርምራቸው ሲያዘነብል የሴቶቹ ወደ ማስተማራቸው ያዘነብላል። ጸሐፊዎቹ የደገፉ እንጂ የነቀፉ አይመስላቸውም ነበር። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ደብዳቤውን ጽፈው ሲጨርሱ ስሙን በወንድ ስም ተክተው ያንብቡት። «ትሑት፣ ደግ፣ ፈገግታ የማይለያት» የሚለው በወንድ ስም ሲነበብ እንግዳ ከሆነ፣ ቦታውን በሠራችው ሥራ ይተኩት።

ለተከራይ ሲጻፍ

ይህ ከሁሉም አጭሩ ነው። አዲሱ አከራይ ማወቅ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ ተከራየ፣ ኪራዩን በጊዜው ይከፍል ነበር ወይ፣ ቤቱን በምን ሁኔታ አስረከበ፣ ከጎረቤት ቅሬታ መጥቶበት ያውቃል ወይ፣ ለመልቀቅ አስቀድሞ አሳውቋል ወይ፣ ደግመው ያከራዩታል ወይ። «በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ዘግይቷል፤ አስቀድሞ አሳውቆኝ በሳምንቱ ከፍሏል» ብሎ መጻፍ «ጥሩ ተከራይ ነው» ከሚለው ይልቅ ይታመናል። ስንት ልጅ እንዳለው፣ ማን እየመጣ እንደሚጠይቀው፣ ምን እንደሚያምን መጻፍ አያስፈልግም።

ደብዳቤውን ለሚቀበሉ አከራዮች ደግሞ አንድ ምክር ጣል ላድርግ። አሁን የሚኖርበት ቤት አከራይ ቶሎ እንዲለቅለት የሚፈልገውን ተከራይ ከልክ በላይ ሊያሞግሰው ይችላል፤ እንዲለቅበት የማይፈልገውን ደግሞ ቀዝቀዝ አድርጎ ይጽፍለታል። ከእሱ በፊት የነበረው አከራይ እንዲህ ያለ ጥቅም ስለሌለው የእሱን ቃል መጠየቁ ይመረጣል። አሠሪዎች ላይም ይኸው ይሠራል።

ስለ ቅርጹና ከዚያ በኋላ

አንድ ገጽ ይበቃል፤ ለከፍተኛ ትምህርት ሁለት ቢደርስ አይከፋም። ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ኃላፊነት፣ ፊርማና የሚገኙበት ስልክ ወይም ኢሜይል ይኑረው። ተቀባዩ የሚታወቅ ከሆነ በስሙ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ይጻፉለት፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተቀባዩ በማይታወቅበት ጊዜ ብቻ ይሁን። የአመልካቹ ስም በፓስፖርቱ ወይም በመታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን ያረጋግጡ። በሥርዓተ ጽሕፈት ስህተት ምክንያት ማመልከቻው የሚጓተትበት ሰው ጥቂት አይደለም። በኢሜይል የሚልኩ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ይጠቀሙ፤ ከግል አድራሻ የመጣ ደብዳቤ አመልካቹ ራሱ የፈጠረው ሊመስል ይችላል።

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ስልክ ሊደወልልዎ ይችላል። ጠያቂው የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ ያልሰፈረውን ነው፦ «ለምን ለቀቀ? ከአለቃ ጋር እንዴት ነው? ደግመህ ትቀጥረዋለህ?» መጀመሪያ የደወለው ሰው ማን እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ካጠራጠርዎ ቁጥሩን ከድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ወስደው መልሰው ይደውሉ። በቃል የሚሉት በጽሑፍ ካሉት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በደብዳቤ አሞግሶ በስልክ ማንሾካሾክ አመልካቹ ፈጽሞ ሊከላከለው የማይችለው በደል ነው። ለዚህም የደብዳቤውን ቅጂ ከአመልካቹ ሲቪ ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። ያው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ቦታ ደብዳቤ ሲጠይቅዎ ቅጂው ያገለግልዎታል፤ ቀኑን ብቻ ቀይረው ግን አይላኩት፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠራ ጠይቀው፣ ለአዲሱ ማስታወቂያ የሚስማማውን ክስተት መርጠው ይጻፉት።